ፍራፍሬን በበረኪና ማጠብ ያሰጋል? ለጅማዋ ጁስ ቤት ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

የተላከልኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ጅማ አጂፕ አካባቢ ትንሽ ጁስ ቤት አለኝ። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አናናስና ዘይቱን እንሠራለን። ፍራፍሬውን የምናጥበው በሳፋ ነው። 20 ሊትር ውሃ ላይ አንድ ብርጭቆ በረኪና ጨምረን ግማሽ ሰዓት እንዘፈዝፈዋለን። ጠዋት የተዘጋጀው ውሃ እስከ ማታ ያገለግላል። ሰሞኑን አንድ ደንበኛ ‹ጁሱ በረኪና በረኪና ይላል› ብሎ መለሰው። ሌላ ሰው ደግሞ ካንሰር ያመጣል አለኝ። ጓደኛዬ ሽታውን ለማጥፋት ሎሚ ጨምሪበት ትላለች። የምታጥበው ልጅ ነፍሰ ጡር ናት። ምን ላድርግ? በረኪናውን ጭራሽ ልተወው?»

እህቴ፣ ሽታውንም ካንሰሩንም እናነሳለን። ከሁሉ በፊት ግን ሎሚውን ይተዉት። ለልጅቷም ዛሬውኑ ይንገሯት። በረኪና አሲድ ካለበት ነገር ጋር ሲገናኝ ክሎሪን ጋዝ ይለቃል። ሎሚ አሲድ ነው፣ አቼቶም አሲድ ነው። የሽንት ቤት ማጽጃዎች ደግሞ ብዙዎቹ ከሁለቱም የበረታ አሲድ አላቸው። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1915 ቤልጅየም ውስጥ ኢፕር አካባቢ በወታደሮች ላይ እንደ ጦር መሣሪያ የተለቀቀው ጋዝ ይኸው ክሎሪን ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወደ ታች ይተኛል። ሳፋ ላይ ጎንበስ ብላ የምትሠራ ሴት የምትተነፍሰው ደግሞ ያንን አየር ነው።

በ20 ሊትር ውሃ የተበጠበጠ በረኪና ላይ አንድ ሎሚ ቢጨመቅ ብዙ ጋዝ አይወጣም። ዓይን ያቃጥል፣ ጉሮሮ ይከረክር ይሆናል። እኔን የሚያሰጋኝ ልማዱ ነው። ዛሬ የተበጠበጠው ላይ የሚጨመረው ሎሚ አንድ ቀን ውሃ ያልገባበት በረኪና ላይ ይጨመራል። ያኔ ጠባብ ጓዳ ውስጥ ያለ ሰው ሆስፒታል ሊገባ ይችላል።

ጓደኛዎ ይህን ከየት እንዳመጣችው እገምታለሁ። ፍራፍሬ የሚያሽጉ ትልልቅ ድርጅቶች ማጠቢያ ውሃቸው ላይ እውነትም ጥቂት አሲድ ይጨምራሉ። ዓላማቸው ግን ሽታ ማጥፋት አይደለም። ክሎሪን ውሃ ውስጥ ሲገባ ሁለት መልክ ይኖረዋል። አንደኛው ጀርም በፍጥነት ይገድላል፣ ሁለተኛው በጣም ደካማ ነው። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው የውሃው ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ መለኪያ ነው። ፒኤቹ 7.5 አካባቢ ሲሆን ግማሽ በግማሽ ይሆናሉ። ወደ 9 ሲጠጋ ጠንካራው ከመቶ ጥቂት ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ድርጅቶቹ ፒኤቹን ከ6 እስከ 7.5 ባለው መካከል ያቆዩታል። ይህን የሚያደርጉት በመሣሪያ እየለኩ፣ አየር በደንብ በሚዘዋወርበት ቦታ ነው። ጓዳ ውስጥ በግምት የሚሠራ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ልኩ እንምጣ። አንዱ ትልቅ ችግር ያለው እዚህ ነው።

የቤት በረኪና ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባል ጀርም ገዳይ ንጥረ ነገር አለው። 5 በመቶ ማለት በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር ውስጥ 50 ሚሊ ግራም ያህል ማለት ነው። ብርጭቆዎ 200 ሚሊ ሊትር ይይዛል እንበል። 200 በ50 ሲባዛ 10,000 ሚሊ ግራም ይሆናል። ለ20 ሊትር ሲካፈል በአንድ ሊትር 500 ሚሊ ግራም ይደርሳል። ለፍራፍሬ ማጠቢያ በብዙ አገር የሚሠራበት ልክ ግን በሊትር ከ50 እስከ 200 ሚሊ ግራም ነው። የሚቆየውም 1 ወይም 2 ደቂቃ ብቻ ነው። ከዚያ በሚጠጣ ውሃ ይለቀለቃል። እርስዎ ከላይኛው ጣሪያ በሁለት እጥፍ ተኩል አልፈዋል። ሰዓቱ ደግሞ ቢያንስ 15 እጥፍ ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የክሎሪን ጣሪያ በሊትር 5 ሚሊ ግራም ነው።

ለእርስዎ ሥራ በሊትር 100 ሚሊ ግራም ይበቃል። ስሌቱ ቀላል ነው። የውሃውን ሊትር በሚፈልጉት ልክ ያባዙት። የበረኪናውን ፐርሰንት ደግሞ በ10 ያባዙት። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው ሲያካፍሉ የሚጨምሩትን በረኪና በሚሊ ሊትር ያገኙታል። ለ10 ሊትር ውሃና ለ5 በመቶ በረኪና 20 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ለ20 ሊትር 40 ሚሊ ሊትር ነው። በረኪናው 4 በመቶ ከሆነ ለ10 ሊትር 25 ሚሊ ሊትር ያስፈልጋል። በብርጭቆ መገመት ይቅር። ማንኪያም ከማንኪያ ይለያያል። ከፋርማሲ ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ያለ መርፌ ይግዙና ለዚህ ሥራ ብቻ ያስቀምጡት። ሁለት ስሪንጅ ለ10 ሊትር፣ አለቀ።

ይህ ሁሉ ስሌት የሚሠራው ግን ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ነገር ከታወቀ ብቻ ነው። በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጠውን በረኪና ምግብ ላይ አይጠቀሙ። ፐርሰንቱን ሻጩም ላያውቀው ይችላል። በረኪና በፀሐይና በሙቀት ኃይሉን ያጣል። በር ላይ ፀሐይ ሲመታው የሰነበተ ጠርሙስ የተጻፈበትን ያህል አይሠራም። ስለዚህ ሲገዙ መለያው ላይ የንጥረ ነገሩን ስም፣ ፐርሰንቱንና የተመረተበትን ቀን ይመልከቱ። የሎሚ ወይም የአበባ ሽታ የተጨመረበት፣ ቀለም ወይም ሳሙና ያለበት ከሆነ ለልብስና ለወለል ይተዉት። እንደ ውሃ አጋር ያለ ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ ተብሎ የተዘጋጀ ክሎሪን ካገኙ ደግሞ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ከበረኪና የቀጠነ ስለሆነ መጠኑ ይጨምራል። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ፐርሰንት በዚያው ስሌት ያስገቡት።

ጠዋት የተዘጋጀው ውሃ እስከ ማታ ያገለግላል ብለዋል። ከበረኪናው ብዛት ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

ብዙ ሰው በረኪና የሚጨመረው ፍራፍሬው ላይ ያለውን ጀርም ለመግደል ብቻ ይመስለዋል። ክሎሪን ፍሬው ቆዳ ላይ የተጣበቀውን ጀርም ሁሉ አይገድልም። ቆዳው ሻካራ ነው፣ ስንጥቅ አለው፣ የጀርሙ መደበቂያ ብዙ ነው። በጥሩ ሁኔታ የተሠራ እጥበት እንኳን ከ100 ጀርም 90 ወይም 99 ቢቀንስ ነው። የክሎሪኑ ዋና ሥራ ውሃውን መጠበቅ ነው። ሳፋው ውስጥ 30 አቮካዶ አለ እንበል። አንዱ ላይ እበት ነክቶታል። ውሃው ባዶ ከሆነ እበቱ ላይ ያለው ጀርም ወደ 29ኙ ይዳረሳል። ክሎሪኑ በቂ ከሆነ ግን ጀርሙ ከአንዱ ወደ ሌላው ሳይደርስ ውሃው ውስጥ ይሞታል። ማከሚያ የሌለው ሳፋ አንዳንዴ ካለመታጠብ የባሰ ነው የምለው ለዚህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2011 አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ከአንድ እርሻ የወጣ ሐብሐብ መሰል ፍሬ ሊስቴሪያ በተባለ ባክቴሪያ ተበክሎ 147 ሰዎች ታመሙ። 33ቱ ሞቱ። ምርመራው ካነሳቸው ጉድለቶች መካከል ለማጽዳት የማይመች መሣሪያ፣ ወለል ላይ የተኛ ውሃና ማጠቢያ ውሃው ላይ ማከሚያ አለመኖሩ ይገኙበታል። ፍሬው ወፍራም ልጣጭ ያለው ነው፣ ልጣጩን ማንም አይበላውም። ሰዎቹን ግን ከመታመም አላዳናቸውም።

ወደ ሳፋዎ ልመለስ። ክሎሪን ያገኘውን ሁሉ ነው የሚያጠቃው። ጭቃ ቢሆን፣ ቅጠል ቢሆን፣ የማንጎ ሙጫ ቢሆን ልዩነት የለውም። ባጠቃ ቁጥር ራሱም ያልቃል። ጭቃ ያለበት ፓፓያ ሲገባ ክሎሪኑ ጭቃው ላይ ያልቅና ለጀርሙ የሚተርፍ አይኖርም። ስለዚህ ጠዋት 500 የነበረው ከሰዓት በኋላ ምንም ላይኖረው ይችላል። የጠዋት ደንበኛዎ በረኪና ይቀምሳል። የማታው ደግሞ ምንም ጥበቃ የለውም። ሁለቱም በአንድ ሳፋ ነው።

ሽታውም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ክሎሪን ከቆሻሻ ጋር ሲዋሃድ ክሎራሚን የሚባሉ ነገሮችን ይሠራል። አፍንጫ የሚወጋው «የበረኪና ሽታ» ብዙ ጊዜ የእነሱ ነው። ውሃው በጣም ይሸታል ማለት በደንብ ይሠራል ማለት አይደለም። ብዙውን ጊዜ ቆሽሿል ማለት ነው። ጁሱ ውስጥ የገባው ደግሞ ከሦስት በአንዱ መንገድ ይመስለኛል። ወይ ፍሬው ከሳፋው ወጥቶ ሳይለቀለቅ ተቆርጧል። ወይ የተሰነጠቀ ፓፓያና የተቀጠቀጠ ማንጎ ግማሽ ሰዓት ሲዘፈዘፍ ውሃውን ጠጥቷል። ወይ ደግሞ አናናሱ ተልጦ ነው ሳፋው ውስጥ የሚገባው። የተላጠና የተቆረጠ ፍሬ በፍጹም ሳፋው ውስጥ መግባት የለበትም። የተሰነጠቀውን ለይተው ያውጡት። ቁስሉን በደንብ ቆርጠው የሚጥሉት ከሆነ በሚጠጣ ውሃ ብቻ ያጥቡት። የሸተተ ወይም የሻገተ ከሆነ ይጣል።

እንግዲህ እንዴት ይሠራ? መጀመሪያ መፈተግ ነው። ሳፋው ከመቅረቡ በፊት እያንዳንዱ ፍሬ በሚፈስ ውሃ ሥር በንጹህ ብሩሽ ይፈተግ። የቧንቧ ውሃ በሌለበት ቀን አንድ ሰው በጆግ እያፈሰሰ ሌላው ይፍተግ። ጭቃው እዚያ ይቅር። ከዚያ 10 ሊትር ብቻ በጥብጠው ፍሬውን 2 ደቂቃ ያቆዩት፣ ገልበጥ ገልበጥ ያድርጉት። አውጥተው በሚጠጣ ውሃ ያለቅልቁት፣ ወንፊት ላይ ይንጠፍጠፍ። ውሃው ሲደፈርስ ይድፉት፣ አዲስ ይበጥብጡ። በቀን 5 ጊዜ ቢቀይሩ እንኳን የሚጨርሱት በረኪና 100 ሚሊ ሊትር ነው። ዛሬ ከሚያወጡት ግማሽ ማለት ነው። ውሃው ግን ይጨምራል። ጅማ ላይ ውሃ ሲጠፋ ምን እንደሚመስል አውቃለሁና ይህ ቀላል ምክር እንዳልሆነ ይገባኛል። የተደፋውን ውሃ ለወለል ማጠቢያ ያውሉት፤ የሽንት ቤት አሲድ ከፈሰሰበት ቦታ ግን ያርቁት።

የክሎሪን መመርመሪያ ወረቀት ማግኘት ከቻሉ በጣም ጥሩ ነው። ውሃው ውስጥ ነክረው ቀለሙን ከካርዱ ጋር ያስተያዩታል። ለመዋኛ ገንዳ የሚሸጠው አይሆንዎትም፣ የሚለካው ዝቅተኛውን ልክ ነው። እስከ 200 የሚያነበውን ይጠይቁ።

ስለ ሙቀት አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። ሐሙስ ገበያ ፀሐይ ላይ የዋለ ማንጎ ትኩስ ሆኖ ነው ቤት የሚገባው። ትኩሱን ፍሬ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲከቱት ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ሲኮማተር ውሃውን በእንብርቱ፣ ማለትም ከቅርንጫፉ ጋር ተያይዞ በነበረበት ቀዳዳ በኩል ወደ ውስጥ ይስባል። ውሃው ውስጥ ጀርም ካለ ሥጋው ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ የትኛውም እጥበት አያወጣውም። እ.ኤ.አ. በ1999 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ 78 ሰዎች ሳልሞኔላ በተባለ ባክቴሪያ ታመው 2ቱ ሞተው ነበር። የተጠረጠረው ከብራዚል የመጣ ማንጎ ነው። ፍሬው ለዝንብ ማጥፊያ ተብሎ ሙቅ ውሃ ውስጥ ከቆየ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይገባ ነበር። ስለዚህ ከገበያ የመጣውን ጥላ ላይ አሳርፉት። ማጠቢያው ውሃ ከፍሬው ትንሽ ሞቅ ቢል ይመረጣል።

አሁን ወደ ካንሰሩ። ስጋቱ ከባዶ አልተነሳም። ክሎሪን ከተክል ቅሪትና ከቆሻሻ ጋር ሲዋሃድ እንደ ክሎሮፎርም ያሉ ተረፈ ምርቶች ይፈጠራሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ክሎሮፎርምን «በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» በሚለው ምድብ ውስጥ አስቀምጦታል። ይኸው ተቋም ግን በክሎሪን የታከመ የመጠጥ ውሃን ራሱን ሲመረምር ካንሰር ያመጣል ወይም አያመጣም ለማለት ማስረጃው አይበቃም ብሏል። የእርስዎ ደንበኛ ደግሞ ማጠቢያ ውሃውን አይጠጣም። ልጣጩ ከታጠበ፣ ከተለቀለቀ፣ ከዚያ ከተላጠ ሥጋው ላይ የሚደርሰው እጅግ ጥቂት ነው። ክሎሪኑ ራሱም አይከማችም፣ አብዛኛው ወደ ተራ ጨው ይለወጣል። ስለዚህ በልኩ ተበጥብጦ፣ በጊዜ ተቀይሮ፣ መጨረሻ ላይ ተለቅልቆ የሚሠራበት በረኪና ደንበኛዎን ለካንሰር ያጋልጣል ብዬ አልሰጋም። ተረፈ ምርቱ የሚበዛው መቼ ነው ካሉኝ፣ በረኪናው ሲበዛ፣ ቆሻሻው ሲበዛና ሰዓቱ ሲረዝም ነው። የአሁኑ ሳፋዎ ሦስቱንም ይዟል።

ብዙም የማይነገርለት ሌላ ተረፈ ምርት ክሎሬት ነው። በረኪና ሲያረጅ በውስጡ ክሎሬት ይጨምራል። ክሎሬት የታይሮይድ ዕጢ አዮዲን እንዳይወስድ ያውካል። የአዮዲን እጥረትና እንቅርት ባለበት አገር ይህ ችላ የሚባል አይደለም። የተመረተበትን ቀን ይመልከቱ ያልኩት ኃይሉን ስለሚያጣ ብቻ አይደለም። አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች በተከተፈ አትክልትና ፍራፍሬ ላይ ክሎሪንን የሚከለክሉት በእነዚህ ተረፈ ምርቶች ምክንያት ነው። እነሱ ጋ ግን ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ንጹህና የማይቋረጥ ነው። አዌቱ ወንዝ የከተማውን ፍሳሽ እየተቀበለ በሚያልፍባት ከተማ የእኔ ምርጫ በልክ መጠቀም ነው።

በረኪና የማይችለውንም ይወቁት። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት ከጅማ ገበያዎች የተሰበሰቡ 360 የአትክልትና ፍራፍሬ ናሙናዎችን መርምሮ ከግማሽ በላዩ ላይ የጥገኛ ትል ዕንቁላል ወይም ሌላ ፓራሳይት አግኝቷል። የወስፋት ዕንቁላል በዚህ ልክ ክሎሪን አይሞትም። ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለው ተቅማጥ አምጪም እንዲሁ ክሎሪንን ይቋቋማል። እነዚህን የሚያነሳቸው ብሩሽና የሚፈስ ውሃ ነው። ስለዚህ ውሃ ቢያጥርዎና ከመፈተግና ከበረኪና አንዱን ምረጪ ቢባሉ መፈተጉን ይምረጡ። ለፀረ ተባይ መድኃኒትም በረኪናን አይመኑት፣ እሱንም በአብዛኛው የሚቀንሰው መፈተግና መላጥ ነው። ሳሙናና ላርጎ ፍሬ ላይ አይመከሩም። ልጣጩ ቀዳዳ ስላለው ይመጠዋል። አቼቶ ብቻውን ጥቂት ይረዳል፣ ግን ብዙ ያስፈልገዋል፣ ከበረኪና ጋር አንድ ሳፋ ውስጥ መገናኘት ደግሞ የለበትም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ፍሬው ነው። እኔ ጁስ ቤት ስገባ ግን መጀመሪያ የማየው ቢላውንና ብሌንደሩን ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ቁጥጥር ድርጅት አቮካዶ ሲመረምር ከ100 ፍሬ ልጣጭ ከ17 በላዩ ላይ ሊስቴሪያ አግኝቷል። ሥጋው ላይ ግን ከ100 አንድም አይሞላም ነበር። ሊስቴሪያውን ከልጣጩ ወደ ሥጋው የሚያሻግረው ቢላው ነው። ከዚያ ብሌንደር ውስጥ ይገባል። ከምላጩ ሥር ያለችው ጎማ መካከል የቀረች የአቮካዶ ቅሪት ማታውን ሙሉ ጀርም ስታፈራ ታድራለች። በማግሥቱ የመጀመሪያው ስፕሪስ የሚሠራው በእሷ ላይ ነው። ጀርሙ አንድ ብርጭቆ ጁስ ላይ አይቀርም፣ ቀኑን ሙሉ ለሁሉም ይዳረሳል።

ስለዚህ በረኪናውን ጭራሽ አይተዉት፣ ዋና ሥራውን ግን ወደዚያ ያዛውሩት። ማታ ሲዘጉ ብሌንደሩን ፈትተው ጎማውንና ምላጩን በሳሙና ያጥቡ። ሳሙናው በደንብ ይለቅለቅ። ከዚያ ያንኑ 100 ሚሊ ግራም ልክ በንጹህ ውሃ አዲስ በጥብጠው ክፍሎቹን 2 ደቂቃ ይንከሩ። ሳይጠርጉ በአየር ይድረቁ። ቢላውና መክተፊያውም እንዲሁ። በጨርቅ መጥረግ ጀርሙን መልሶ ማምጣት ነው። የሥራ መሐል ላይ ደግሞ ለመላጫ አንድ ቢላ፣ ሥጋውን ለመቁረጫ ሌላ ቢላ ይኑርዎት። ወጪው ትንሽ ነው፣ ጥቅሙ ግን ከየትኛውም ኬሚካል ይበልጣል።

ማለቅለቂያው ውሃም ሆነ በረዶው ከሚጠጣ ውሃ ይሁን። ሮቶው ክዳን ይኑረው፣ በየጊዜው ይታጠብ። ክረምት ላይ ውሃው ሲደፈርስ በረኪና ማብዛት መፍትሔ አይሆንም፣ ድፍርሱ ይበላዋል። ውሃው ይጥለል፣ በንጹህ ጨርቅ ተጠልሎ ይቀዳ፣ ከዚያ ይታከም።

የቀረው የልጅቷ ጉዳይ ነው፣ የመጨረሻ ያደረግኩት ሰፋ አድርጌ ልናገርበት ብዬ ነው። በዚህ ሁሉ ነገር ውስጥ ከማንም በላይ ለበረኪናው የተጋለጠችው እሷ ናት። ደንበኛው ከበረኪናው የሚደርስበት ርዝራዡ ነው። እሷ ቀኑን ሙሉ ትተነፍሰዋለች፣ እጇም ውስጡ ነው። በልኩ ተበጥብጦ አየር ባለበት ቦታ ከተሠራበት ለጽንሱ የተለየ አደጋ አይጠበቅም። 500 ልክ ያለው ሳፋ ግን በጠባብ ጓዳ ውስጥ ሳንባዋንም ዓይኗንም ያስቸግራል። ካሁን በኋላ ያልተበጠበጠውን በረኪና እሷ አትንካው፣ ልኬቱንና ብጥበጣውን ሌላ ሰው ይሥራ። ሲበጠበጥ ሁልጊዜ ውሃው ቀድሞ ሳፋው ውስጥ ይግባ፣ በረኪናው ከላይ ይጨመር። እንዲህ ሲሆን አይረጭም። ሳፋው ከመሬት ተነስቶ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥላት፣ በር ወይም መስኮት አጠገብ። ጎንበስ ማለቱም ለወገቧ ጥሩ አይደለም። የጎማ ጓንት ይገዛላት። አስም ካለባት ወይም ካሳላት ወደ ሌላ ሥራ ትቀየር፣ ደሞዟ ሳይነካ።

ዓይኗ ውስጥ ከገባ ወዲያውኑ በንጹህ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ ያጥቡላት፣ ከዚያ ሐኪም ይያት። ጋዝ ሸቶ ካሳሉ ሁላችሁም ወደ ውጭ ውጡ፣ ሳፋውን ለመድፋት ብላችሁ ውስጥ አትቆዩ። በረኪናው ከመጣበት ጠርሙስ አይገልበጥ፣ በተለይ ወደ ሃይላንድ። ጁስ ቤት ውስጥ ውሃ የጠማው ልጅ ያገኘውን ሃይላንድ ያነሳል። አንድ ሰው ቢጠጣ እንዲያስመልሰው አታድርጉት፣ ሲመለስ ጉሮሮውን ሁለተኛ ያቃጥለዋልና። ሎሚም አትስጡት። አፉን በውሃ ይጉመጥመጥና በቶሎ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወይም ወደሚቀርባችሁ ጤና ተቋም ውሰዱት። ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ፤ ሐኪሙ ምን እንደጠጣና ስንት ፐርሰንት እንደነበረ ከመለያው ላይ ያነበዋል።